ቀንድ አውጣዎቹን ማን ገደላቸው?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ዱካ ላይ ተቀምጠን በጨለማ እንጠብቃለን። ጋሼ የእጅ ባትሪያቸውን አፍ በቀይ ፕላስቲክ ሸፍነው ዙሪያውን በክር ጠፍረውታል። «ነጭ ብርሃን ካረፈበት ወዲያው ጉድጓዱ ይገባል። ቀዩን ግን እምብዛም አያየውም» አሉኝ በሹክሹክታ፣ የምንጠብቀው ትል የሚሰማን ይመስል።

ከፊታችን 75 ጋሎን፣ ማለትም 284 ሊትር ገደማ የጨው ውኃ የያዘ የመስታወት ገንዳ አለ። ቀን ቀን ሲዋኙ የሚያምሩት ዓሦች በየስርቻው ተወትፈው ተኝተዋል። ከፓምፑ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ጋሼ ስድሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። ተወልደው ያደጉት አሰብ ነው፤ አባታቸው የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኛ ነበሩ። ልጅ ሳሉ ባሕሩ ሲሸሽ ከእኩዮቻቸው ጋር ድንጋይ እየገለበጡ የሚሹለከለከውን ሁሉ ሲያሳድዱ ይውሉ እንደነበር ይናገራሉ። አሜሪካ ገብተው ሃያ ዓመት ታክሲ ከነዱ በኋላ፣ ልጆቻቸው ከቤት ሲወጡ፣ ምድር ቤቱን ለባሕር ሰጡት። «ሌላው ሰው መሬት ገዝቶ ይተክላል። እኔ የማውቀው ይኼንን ነው» ይላሉ።

ሌሊቱን የሚያስጠብቃቸው በቀንድ አውጣዎቻቸው ላይ የደረሰው ነገር ነው። የባሕር ቀንድ አውጣ ገንዳ ውስጥ የሚኖረው ለጌጥ ብቻ አይደለም። መስታወቱና ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አልጌ ጠዋት ማታ ሲግጥ የሚኖር ሠራተኛ ነው። የጋሼ ቀንድ አውጣዎች ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንዱ አለቁ። በየማለዳው አሸዋው ላይ አንድ ወይም ሁለት ባዶ ቅርፊት ተገልብጦ ይገኛል፤ ውስጡ ተጠርጎ የጸዳ፣ አፉ ላይ የሚያሟልጭ ዝልግልግ ነገር የቀረበት።

ጋሼ ዓሣ ወደሚገዙበት ሱቅ ሄደው ነገሩን ሲያስረዱ፣ ሻጩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው፦ «ትል አይተዋል?» አዎ፣ አይተዋል። ድንጋዩ ስር ጸጉራም ትል ሞልቷል። «እንግዲያው እሱ ነው፤ ሁሉንም ያጥፉ» አላቸው። ጋሼም ወረንጦ ይዘው ተነሡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አርባ ያህል ጸጉራም ትል ለቅመው አወጡ። ቀንድ አውጣዎቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም። በዚያ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ዓሦቹ ያስተረፉት ምግብ ድንጋዩ ስር ይበሰብስ ጀመር፤ 10 ላይ ይቆም የነበረው የናይትሬት ልክ 40 ደረሰ፤ አሸዋውን ቀይ ቡናማ ልባጭ ሸፈነው።

የተሳሳተውን ገድለው ነበር።

ይህ ስህተት የጋሼ ብቻ አይደለም። የጨው ውኃ ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ድንጋዩ ስር የሚሳብ ነገር አይቶ ይደነግጣል። ድንጋጤው አይገርመኝም። እኛ ትልን የምናውቀው በሆድ ዕቃችን፣ በተበላሸ ሥጋና በነቀዘ እህል ነው። ባሕር ውስጥ ግን ትል በየዓይነቱ ነው፤ ተከራይም ጠራጊም አዳኝም አለበት። ስለዚህ ከመግደል በፊት መለየት ይቀድማል። ለመለየት ደግሞ አማርኛችን ከምናስበው በላይ ይረዳናል።

ኮሶን ያየ ሰው ጠፍጣፋ ትልን ያውቃል፤ እንደ ጥብጣብ የተዘረጋ፣ ውፍረት የሌለው። ወስፋትን ያየ ሰው ድብልብል ትልን ያውቃል፤ ልሙጥ፣ ሁለቱም ጫፉ የሾለ። አልቅትን፣ ወይም ከክረምት ዝናብ በኋላ ከአፈር የሚወጣውን የመሬት ትል ያየ ሰው ደግሞ ባለ ቀለበቱን ያውቃል፤ ገላው ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ። የባሕር ገንዳ ውስጥ ባለቤቱን የሚያሳስቡት በአብዛኛው የኮሶና የአልቅት ዘመዶች ናቸው። ጠፍጣፋ ነው ወይስ ባለ ቀለበት? የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ለመመለስም ዓይንና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ባለ ቀለበቶቹ እግዚአብሔር ያውቃል ስንት ዓይነት ናቸው። የጋሼ ገንዳ ጀርባ መስታወት ላይ ከጤፍ ፍሬ ከፍ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ዝቅ የሚሉ ነጫጭ ጠመዝማዛ ነጠብጣቦች አሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን የኖራ ቤት ሠርቶ የተቀመጠ ትል ነው፤ ውኃውን እያጣራ ይኖራል፤ ማንንም አይነካም። አለፍ ብሎ ከድንጋይ ስንጥቅ እንደ ፈትል የቀጠኑ ረጃጅም ክሮች ወጥተው አሸዋውን ይዳስሳሉ። የክሮቹ ባለቤት ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ክሮቹ እጆቹ ናቸው፤ የሚለቅመውም ፍርፋሪ ነው። ሌላው ደግሞ እንደ ላባ የተዘረጋ አክሊል አለው፤ ጥላ ካረፈበት በቅጽበት ቱቦው ውስጥ ይሰወራል። ሰዎች ይህን በገንዘብ ገዝተው ያስገቡታል። እነዚህን ሁሉ አይቶ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጥ ሰው የገዛ ቤቱን ጠራጊዎች እያባረረ ነው።

ጸጉራሙ ትል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስሙ በከንቱ የጠፋው እሱ ነውና። መልኩ ከሐምራዊ እስከ ቡናማ ይሄዳል፤ ከጎንና ጎኑ በየቀለበቱ ነጭ የጸጉር እሽግ አለው። ቀን ተደብቆ ሌሊት ይወጣል፤ የተረፈ ምግብና የሞተ ዓሣ ይበላል። መከራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ጠዋት ተነሥቶ የሞተ ዓሣ ላይ ትሎች ተሰብስበው ያያል፤ ገዳዮቹ እነሱ ይመስሉታል። ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ አይደለም። እንዲያውም እነሱ ባይደርሱ ኖሮ ሬሳው ውኃውን ሁሉ በአሞኒያ በመረዘው ነበር።

ጸጉሩን ግን መናቅ አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ ጋሼን ሳግዝ ያለ ጓንት አንድ ድንጋይ አነሣሁ። ሦስት ጣቶቼን ሳማ የነካኝ መሰለኝ። ሳየው ጣቴ ላይ እንደ ብርጭቆ ብናኝ የሚያብለጨልጭ፣ ከዓይን የሚሰወር ነጭ እሾህ ተሰክቷል። ጸጉሩ ከኖራ ማዕድን የተሠራ በመሆኑ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። «እንዳታሸው!» ብለው ጋሼ እጄን ያዙ። የማሸጊያ ፕላስተር ቆርጠው ጣቴ ላይ ለጠፉ፣ ቀስ ብለው ላጡት፤ እሾሁ ተከትሎ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አቼቶ አፈሰሱበት። ቃጠሎው በበነጋታው ጠፋ። እብጠቱ ለበረታበት ወይም ትንፋሽ ላጠረው ሰው ግን ቦታው ሐኪም ቤት ነው።

የጸጉራሙ ትል ብዛት የሚነግረን ነገር አለ፤ እሱም የባለቤቱ እጅ ልክ ነው። ዓሦች በሁለት ደቂቃ ከሚጨርሱት በላይ በየቀኑ የሚበትን ሰው በወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ትል ያረባል። ምግቡ ሲቀነስ ትሉም በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። መቀነስ የግድ ከሆነ፣ አፉ የጠበበ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ የሽሪምፕ ቁራጭ ከትቶ ማታ አሸዋው ላይ ማስተኛትና ጠዋት ማውጣት ነው። ባለ ስድስት መስመር የሚባለው ትንሽ ዓሣና እንደ ሸረሪት እግረ ረጅም የሆነው ቀስት ሸርጣን ትንንሾቹን ትሎች ይበላሉ፤ ሁለቱም ግን ጎረቤት የሚያስቸግር ጠባይ አላቸውና አስቦ ማስገባት ይሻላል። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ትሉን መቁረጥ። ሳይንስ ዩሪቶኢ ኮምፕላናታ የሚለው የተለመደ ጸጉራም ትል በመቆራረጥ የሚራባ ነው። ሁለት ቦታ የቆረጠው ሰው ሁለት ትል አተረፈ።

ታዲያ ሁሉም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ ኒውኪ ከተማ ባለው ብሉ ሪፍ አኳሪየም በ2009 የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። ከአንዱ ማሳያ ገንዳ ኮራሎች ተቆርጠው፣ ዓሦች ቆስለው ይገኙ ጀመር። ወጥመድ ቢያስቀምጡም ተበጣጥሶ ያድራል። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ገንዳውን ድንጋይ በድንጋይ ሲያፈርሱት ከሥሩ ባለ መንጋጋ ትል ወጣ፤ ርዝመቱ 1.2 ሜትር ያህል ነበር። ባሪ ብለው ሰየሙት። እንዲህ ያለው ትል በልጅነቱ ጣት የማታክል ሆኖ ከድንጋይ ስንጥቅ ጋር ይገባል፤ ከዚያ ለዓመታት በስውር ያድጋል። ከጸጉራሙ ለመለየት ጭንቅላቱን ማየት ነው። የዚህኛው ግንባር ላይ አምስት አንቴና ቆሟል፤ አፉ ውስጥ መቀስ የመሰለ መንጋጋ አለ፤ ገላው ብርሃን ሲያገኝ እንደ ቤንዚን ጠብታ ኅብረ ቀለም ያወጣል። ጸጉራሙ መንጋጋ የለውም።

አብዛኞቹ የሚመጡት ከድንጋዩ ጋር ነው። ሕያው ድንጋይ የሚባለው፣ ከባሕር ሲወጣ በላዩና በውስጡ ባክቴሪያ፣ ስፖንጅ፣ አልጌና ትል የተሳፈረበት ድንጋይ ነው። የጋሼ ድንጋይ የፍሎሪዳ ነው። እዚያ ከፌዴራል የባሕር ክልል የተፈጥሮውን ድንጋይ ማውጣት ከ1997 መጀመሪያ ጀምሮ ስለተከለከለ፣ አርቢዎች ከየብስ ያመጡትን ድንጋይ ባሕር ውስጥ አውርደው፣ ሕይወት እስኪለብስ ለዓመታት ጠብቀው ያወጡታል። ዛሬ ብዙ ሰው ትል ፈርቶ ደረቅ ድንጋይ ብቻ ይገዛል። መብቱ ነው። እኔ ግን ያንን ገንዳም ይህንንም አይቻለሁ፤ ደረቁ ለረጅም ጊዜ ባዶ ቤት ይመስላል።

ወደ ኮሶ ዘመዶች ስንሻገር ጨዋታው ይለወጣል። እዚህ መታገሥ ብቻውን አይበቃም። ቀዩ ጠፍጣፋ ትል ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀለሙ ዝገት፣ ጅራቱ ሦስት ቦታ የተሰነጠቀ። (ተመራማሪዎች ዛሬ ከእውነተኞቹ ጠፍጣፋ ትሎች ለይተው በሌላ ምድብ ያስቀምጡታል፤ ለገንዳ ባለቤት ግን ጠባዩ ያው ነው።) በገላው ውስጥ አልጌ ስለሚያኖር ብርሃን ይወዳል፤ ከኋላው እያቆጠቆጠ ይራባና ኮራሉን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ባለቤቶች ከሚጠቀሙባቸው መድኃኒቶች አንዱ ሌቫሚሶል ነው፤ አዎ፣ ገበሬው ለበጉና ለላሙ የሚያጠጣው የትል መድኃኒት። መድኃኒቱ ይሠራል። ነገር ግን ቀዩ ትል ሲሞት ከገላው መርዝ ይለቃል፤ ሺው በአንድ ጊዜ ሲሞት ዓሦቹን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ የተቻለውን ያህል በቀጭን ጎማ መሳብ፣ ከዚያ መድኃኒቱን መጨመር፣ ወዲያው ውኃውን በብዛት መቀየርና ማጣሪያው ላይ አዲስ ከሰል ማድረግ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ትሉን ከነገንዳው ቀበረ።

ሌላው አክሮፖራ የሚባሉትን ቅርንጫፋም ኮራሎች የሚበላው ነው። ይህ ትል አስተናጋጁን ኮራል መስሎ ስለሚለጠፍ በዓይን አይገኝም። የሚታየው የንክሻው ጠባሳ ነው፤ ኮራሉ ላይ ክብ ክብ የነጣ ነጠብጣብ። ሳይንስ ስም ሰጥቶ የመዘገበው በ2011 ሲሆን መጀመሪያ የታወቀውም ከሰው ገንዳ ነው። ከዚያ በኋላ ነው አውስትራሊያ፣ ታላቁ የኮራል ሸንተረር ላይ፣ ሊዛርድ ደሴት አካባቢ በተፈጥሮ መኖሪያው የተገኘው። ኮራሉን መድኃኒት ውስጥ ቢነክሩት ትሉ ይረግፋል፤ ሥሩ ላይ በረድፍ የተለጠፈው ቡናማ እንቁላል ግን አይሞትም። ጋሼ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ሥሩን ቆርጦ መጣል፣ በየሳምንቱ ለበርካታ ሳምንታት እየደጋገሙ መንከር፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ አዲስ የተገዛ ኮራልን ለብቻው አቆይቶ ማየት ነው።

ዓሣው ላይ ስለሚጣበቁትም አጭር ቃል። ዓሣ ድንጋይ ላይ ገላውን ሲፋቅ፣ ዓይኑ ሲደበዝዝ፣ አዘውትሮ ሲያፋሽክ አጉሊ መነጽር የሚጠይቅ ጠፍጣፋ ጥገኛ ትል መጠርጠር ነው። ሙቀቱና ፒኤቹ ከገንዳው ጋር የተስተካከለ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ዓሣውን እየተቆጣጠሩ አምስት ደቂቃ ያህል ቢያቆዩት፣ ቀድሞ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፈው ትል ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ይረግፋልም። ከዚያ የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፤ አገር ቤት ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ያው መድኃኒት። መጠኑ በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ዋናው ገንዳ ውስጥ ከተደረገ ላባ አክሊል ያላቸውን ትሎችም ሊገድል ስለሚችል በተለየ ገንዳ መስጠት ይመረጣል።

ወደ ምድር ቤታችን ልመለስ።

ከስምንት ተኩል አለፍ ብሎ ጋሼ ክርኔን ነካ አደረጉኝ። ከገንዳው ግራ ጥግ ከአንድ ድንጋይ ቀዳዳ የሆነ ነገር እየወጣ ነው። ጸጉር የለውም። ልሙጥ ነው፤ በቀይ ብርሃንም ቢሆን ያብረቀርቃል። ወጣ፣ አሁንም ወጣ፤ ግማሹ ክንድ ያህል ወጥቶ ጅራቱ ገና ቀዳዳው ውስጥ ነው። አሸዋው ላይ ያገኘውን ቀንድ አውጣ በጭንቅላቱ ዳሰሰው። ከዚያ በላዩ ላይ ተጋድሞ ዝልግልግ ነገር ያለብሰው ጀመር፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቆዳ አልፊ። ቀንድ አውጣው መክደኛውን ዘጋ። ትሉ አልቸኮለም። ጋሼ ባትሪውን ወደ ነጭ ሲቀይሩት ብርቱካናማ ቀለሙ ለአንድ አፍታ በራና እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ተመልሶ ገባ።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። በኋላ «አርባ ሰው ያለ ፍርድ ገደልኩ» አሉ። ትል አላሉም።

የብርቱካናማው ትል ስም ኦኤኖኔ ፉልጊዳ ነው። ፉልጊዳ በላቲን የሚያበራ ማለት ነው። ቀንድ አውጣና ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎችን በዝልግልጉ ሸፍኖ ይበላል፤ ኮራልና ዓሣ ግን አይነካም። ታሪኩን ፈልጌ ሳገኝ ለጋሼ ደወልኩላቸው። ትሉ በ1818 ስም የወጣለት ፈረንሳዊው ማሪ ጁል ሴዛር ሳቪኚ ከሰበሰበው ነው። ሳቪኚ በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ ዘምቶ የቀይ ባሕርን አከርካሪ አልባ እንስሳት ሲለቅም፣ ሲከፍትና ሲሥል የኖረ ሰው ነው፤ በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ዓይኑ ታመመና ሥራውን ሳይጨርስ ከብርሃን ጋር ተለያየ። «ከቀይ ባሕር ነው የምትለኝ?» አሉ ጋሼ በስልክ። አዎ፣ ስሙ ከቀይ ባሕር ነው የተነሣው። የእርስዎ ትል ግን የመጣው ከፍሎሪዳው ድንጋይ ነው፤ ዘሩ ዛሬ በብዙ ሞቃት ባሕሮች ይገኛል አልኳቸው። «ይሁን» አሉ። «እኔስ ከየት ተነሥቼ የት ነው ያለሁት?»

ማውጣቱ ከማግኘቱ ይልቅ ቀላል ነበር። ጋሼ ያንኑ ሌሊት ቀዳዳውን በዓይናቸው ይዘው ስለነበር፣ ጠዋት ድንጋዩን ብቻ አንሥተው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በተሞላ ባልዲ ላይ ያዙት። ከዚያ በሲሪንጅ ስኳር የሌለው ጋዛም ውኃ፣ አምቦ ውኃ በሉት፣ ቀዳዳው ውስጥ ገፉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያፈናል። ግማሽ ደቂቃ አልቆየም፤ ትሉ ራሱ ተንሸራቶ ባልዲው ውስጥ ወደቀ። ድንጋዩ ተለቅልቆ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሙሉ ገንዳ ማፍረስ፣ መድኃኒት መጨመር አላስፈለገም።

ጋሼ ትሉን አልገደሉትም። በአሥር ጋሎን ገንዳ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ ቤት ሰጥተውት በሳምንት ሁለት ጊዜ የቀዘቀዘ የዛጎል ሥጋ ይሰጡታል።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር ሞላው። ከዚያ ወዲህ ዋናው ገንዳ ውስጥ የገቡት አሥራ ሁለት ቀንድ አውጣዎች ዛሬም አሥራ ሁለት ናቸው። ናይትሬቱ ወደ 10 ተመልሷል። ጸጉራም ትሎቹም ድንጋዩ ስር እየበዙ ነው፤ ጋሼ አንድም አላወጡም።